ነጥብ የሌለው መጎናጸፊያ

አስከሬኑ ቁጭ ብሎ ነበር የጠበቀን።

እግሮቹ ተቆላልፈው፣ ቀኝ እጁ በግራው ላይ አርፎ፣ ጀርባው የጎጆውን ግድግዳ ተደግፏል። ቢጫው መጎናጸፊያ ከአንገት እስከ ቁርጭምጭሚት ንጹሕ ነው። ሟቹ አባ ሄቲጋማ አቱላ ናቸው፤ የናጎላ ጫካ የቡድሃ ገዳም አለቃ፣ የሰባ አንድ ዓመት አዛውንት። ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ገንፎ ይዞላቸው የገባው አገልጋያቸው ጂናዳሳ ነው ያገኛቸው።

እኛ ስንደርስ ገና ሁለት ሰዓት አልሞላም። ነጭ የለበሱ ሃምሳ ያህል ሰዎች ግን ሎተስ አበባ ታቅፈው ደጁ ላይ ተንበርክከዋል። ዛፍ ላይ የተሰቀለው የድምፅ ማጉያ ይጮኻል። «አባታችን በጥልቅ ተመስጦ ሳሉ አለፉ! ከመሻት ሁሉ የነጹ፣ ፍጹም ነበሩ!»

«ሬሳው ሳይደርቅ ፍጹም አደረጉት» አልኩ።

«ሳጅን ቲኪሪ፣ ምላስህን ሰብስብና ጫማህን አውልቅ» አለችኝ ኢንስፔክተር ሶማላታ ዊጄኮን።

አጭር፣ ጸጉሯን ጠቅልላ የምታስር፣ ሃምሳ ያለፋት ሴት ናት። በኩሩኔጋላ ወረዳ አሥራ ሁለት ዓመት አብሬያት ሠርቻለሁ። ድምፅዋን ከፍ ስታደርግ የሰማሁት ሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ሁለቱም በእኔ ላይ ነበር፤ ሁለቱም ጊዜ ትክክል ነበረች።

ገብታ ለአስከሬኑ ሦስት ጊዜ ሰገደች። ከዚያ እዚያው እንደተንበረከከች የመጎናጸፊያውን ጥጎች አንድ በአንድ እያነሳች አየች። ወለሉን በጣቷ ዳሰሰች፤ ሲሚንቶው ገና እርጥብ ነው።

«ወለሉን ማን አጠበው?»

«እኔ አይደለሁም ማዳም» አለ ጂናዳሳ። ስልሳ ዓመት የሞላው፣ ከሲታ፣ እጁን የሚያሳርፍበት ያጣ ሰው ነው።

«አባ ራሳቸው ማጠብ ይወዱ ነበር» አለ ከበስተኋላችን የነበረ ለስላሳ ድምፅ።

ኒሃል አቤይኩን ነው፤ የገዳሙ የተመስጦ ማዕከል ሥራ አስኪያጅ። ቀድሞ በኮሎምቦ ሆቴል ያስተዳድር ነበር። አሁን የናጎላን ጸጥታ በአርባ ቀን እየጠቀለለ ለከተማ ሀብታሞችና ለፈረንጆች ይሸጣል። የበፍታ ልብሱ ላይ አንዲት እጥፋት አይታይም።

«ኢንስፔክተር፣ እንዲህ ያለ ሞት ምርመራ አያሻውም» አለ። «ሐሙስ አስከሬኑ የሚቃጠልበት ሥርዓት ይፈጸማል። ሕዝቡ ከየአገሩ እየተነሳ ነው።»

«ሕዝቡ ይምጣ። አስከሬኑ ግን ሆስፒታል ይሄዳል።»

«ፍጹም ሰውን በቢላ ልታስቀድጂ ነው?»

«ፍጹም ከሆኑ አይቀየሙኝም» አለች።

መደርደሪያው ላይ ግማሽ ማር ያለበት ብልቃጥ ነበር። በላዩ በሟቹ እጅ የተጻፈ ወረቀት ተለጥፏል፦ «ከባለመድኃኒቱ ኡኩባንዳ፤ በሙሉ ጨረቃ ቀን፣ ዓርብ።» እሱንም ወሰድነው።

ውጤቱ ከቀትር በኋላ መጣ። አባ አቱላን የገደላቸው የካኔሩ ፍሬ ነው፤ ያ ቢጫ አበባ ያለው፣ ግማሹ አገር ግቢውን የሚያጥርበት ቁጥቋጦ። ሐኪሙ «ሰውየው ከመሞታቸው በፊት ክፉኛ አስመልሰዋል» አለ። ማሩ ውስጥም ተፈጭቶ ተገኝቷል።

አለቃችን በስልክ ጮኸ። «ማሩን የሰጠው ኡኩባንዳ ነው፤ ከሟቹ ጋር ሲጣላም መንደር ሙሉ ሰምቶታል። ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ? ሽማግሌውን ዛሬ ያዙት፣ ነገ አራት ሰዓት ላይ ወደ ወህኒ ይተላለፍ!»

«እስከ አራት ሰዓት ጊዜ አለኝ ማለት ነው» አለችና ስልኩን ዘጋች።

*

ኡኩባንዳን ደጁ ላይ አገኘነው። ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ አባቱም አያቱም ባለመድኃኒት ነበሩ። በረንዳው ላይ አንዲት ወጣት ሰፌድ ታቅፋ ከሩዝ ላይ ጠጠር ትለቅማለች። ጸጉሯ በዘይት ርሷል። እኛን ስታይ እጇ ቆመ።

«ልቀሚ ልጄ፣ ልቀሚ» አላት። «ፖሊስ ሩዝ አይበላም፤ ሰው እንጂ።»

«አባባ፣ ልንወስድዎት ነው የመጣነው» አለች ኢንስፔክተሯ።

«ሰምቻለሁ። ወሬው ከናንተ ጂፕ ይፈጥናል።» ጥርስ በሌለው አፉ ሳቀ። «ካኔሩ ነው አሉ? እኔ ሰው መግደል ብፈልግ በገዛ ስሜ ማር ልኬ ነው? የሞኝ መርዝ!»

«ከአባ ጋር ተጣልተው ነበር?»

«ተጣልቼ! ሰድቤያቸዋለሁ እንጂ! ይቺን አያችኋት?» ወደ ልጅቷ በአገጩ አመለከተ። «ቴጃኒ ትባላለች፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ናት። እዚያ አዳራሽ ገብታ በቀን አሥራ አራት ሰዓት ዓይኗን ጨፍና ተቀመጠች። በሃያ ሦስተኛው ቀን እንቅልፍ ጥሏት ጠፋ፤ ግድግዳው ያናግራት ጀመር። ያ በፍታ ለባሽ ለእናቷ ምን እንዳላት ታውቃላችሁ? ‹የድሮ ኃጢአቷ እየተቃጠለላት ነው፤ ደስ ይበላችሁ።›»

«ማን አመጣት?»

«አባ ራሳቸው ናቸዋ! በባጃጅ አሳፍረው። ሴት ናትና ስታለቅስ እንዳይነኳት ሥርዓቱ ይይዛቸዋል፤ ስለዚህ የመጎናጸፊያቸውን ጫፍ አስይዘው አመጧት። እኔም ጮኽኩባቸው፤ ‹ሌላ ልጅ እንዲህ አድርገው ቢያመጡልኝ እቀብርዎታለሁ!› አልኳቸው። ቆመው ሰሙኝ። ‹ልክ ነህ፤ መንገዱን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ የምዘጋውም እኔ ነኝ› አሉኝ። በሙሉ ጨረቃው ቀን ለሳላቸው ማር ወሰድኩላቸው። እንደ እሳቸው ያለ ሰው ሰድበህ ማር ካልወሰድክለት እንቅልፍ አይወስድህም።»

«እርስዎ ሲሄዱ ልጅቷስ?» አልኩ።

ሳቁ ጠፋ። «ትናንት ስድስት ሰዓት ሙሉ ተኛች፤ በወሩ ለመጀመሪያ ጊዜ። ዘይቱን ጎረቤቴ ታደርግላታለች። እንዴት እንደምትተኛ ግን የማውቀው እኔ ነኝ። እኔ ሳልኖር ያ የሚያናግራት ግድግዳ ይመለሳል።»

ሽማግሌውን እጁን ሳላስር ጂፕ ላይ ደግፌ አወጣሁት። እውነቱን ልናገር፤ ጥርሴን እያፋጨሁ ነበር። እኔ ተመስጦ ከሚዘወተርበት ቤት ነው የተወለድኩት። እናቴ በየማለዳው ሩብ ሰዓት ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ስትገልጥ በአባቴ ላይ የነበራት ቁጣ በርዶ ይገኛል። ይህን ሁለት ሺህ ዓመት የፈጀ ጥበብ የሚንቅ ሰው ደንቆሮ ነው። የሚያድን ነገር ሁሉ ግን መጠን አለው፤ ባለመድኃኒት ጠብታ ይቆጥራል። መጠኑን ደብቆ፣ የታመመውን «ተባረክ» ብሎ የሚሸኝ ነጋዴ ከደንቆሮውም የከፋ ነው፤ እሱ ያውቃልና።

*

ወደ ገዳሙ ስንመለስ የመጨረሻ ያያቸው ማን እንደሆነ ጠየቅን።

«እኔ ነኝ» አለ ጂናዳሳ። «ሰኞ አሥራ አንድ ሰዓት የተጣራ ጭማቂ ሰጠኋቸው። ከቀትር በኋላ መጠጥ እንጂ እህል አይቀምሱም።»

«በእጅህ ሰጠሃቸው?»

«በእጄ። በእጅ ያልሰጧቸውን አይወስዱም። ሎሚ ከዛፍ ወርዶ እግራቸው ላይ ቢወድቅ እንኳ አንስቶ የሚሰጣቸው ሰው እስኪመጣ ይጠብቃሉ።»

«ማሩ ግን መደርደሪያቸው ላይ ነበር» አለች ኢንስፔክተሯ። «ከሙሉ ጨረቃ እስከ ሰኞ አሥራ አንድ ቀን።»

የጂናዳሳ ፊት አመድ መሰለ። ለመሄድ ተነሳ፤ ትከሻውን ይዤ መልሼ አስቀመጥኩት።

«ገዳይሽን አገኘሽው ማዳም!» ብዬ ልጮህ ምንም አልቀረኝ።

«ልቀቀው ሳጅን» አለች። አጎንብሳ ዓይኑን አየችው። «ጂናዳሳ፣ ባለመድኃኒቱ ነገ በአራት ሰዓት ወህኒ ይወርዳል። ሰባ ስድስት ዓመቱ ነው፤ ከዚያ በሕይወት አይወጣም። አባ ማር ለስንት ቀን ነበር የሚያስቀምጡት?»

«ሰባት» አለ። «ሥርዓቱ ሰባት ነው። በሰባተኛው ቀን፣ ሐሙስ፣ ጠርተው ‹ጂናዳሳ፣ ውሰደው፣ ከእንግዲህ የእኔ አይደለም› አሉኝ። አንድ ጠብታ እንኳ አላስቀሩም። ሞልቶ ነበር።»

«ግማሹስ የት ገባ?»

«ማዳም… እኔ ስምንቱን ትእዛዛት ይዣለሁ። ከቀትር በኋላ እህል አልቀምስም ብዬ በአባ ፊት ቃል ገብቻለሁ።» እንባው ወረደ። «ዓርብና ቅዳሜ ማታ ከወጥ ቤት ጀርባ ሆኜ… በሮቲ ቂጣ በላሁት።»

«መርዝ ያለበትን ማር?» አልኩ። «ሆድህን አላመመህም?»

«ሕሊናዬን ነው ያመመኝ ሳጅን።»

ኢንስፔክተሯ ፊቷን አዞረች፤ ሳቅ መሆኑን እኔ ብቻ አወቅሁ። «ከዚያስ?»

«ሰኞ ቀትር ላይ ብልቃጡ ከወጥ ቤት ጠፋ። አባ አውቀውብኝ የወሰዱት መሰለኝ። ማታ ደግሞ ራበኝ። ጭማቂውን አጣርቼ ጠረጴዛ ላይ ተውኩና መስቀለኛው መንገድ ጋ ወዳለችው ሮቲ ቤት ሄድኩ። ስመለስ ኩባያው የለም። ማን እንደሰጣቸው አላውቅም። እኔ ነኝ ያልኩት… የት ነበርክ እንዳትሉኝ ነው።»

የሮቲ ቤቷን ሴት ጠየቅኋት። «ጂናዳሳ? ጾመኛው?» ብላ ወገቧን ይዛ ሳቀች። «በኋላ በር ነው የሚገባው! ሰኞ ከአሥር ተኩል እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት እዚህ ነበር። ሦስት በላ።»

እንግዲህ ሐሙስ ማሩ ንጹሕ ነበር፤ ቅዳሜም ንጹሕ ነበር። አባ አቱላ ደግሞ ከሐሙስ በኋላ አልነኩትም። የገደላቸው ጭማቂው ነው፤ መርዙ ማሩ ውስጥ የተጨመረውና ብልቃጡ መደርደሪያው ላይ የተቀመጠው በኡኩባንዳ እንዲሳበብ ነው። ሰባቱን ቀን ያልቆጠረ ሰው የሠራው ሥራ ነው።

*

አቤይኩንን ቢሮው አገኘነው። ሻይ አዘዘልን፤ አልጠጣንም።

«ሰኞ ከአሥራ አንድ እስከ ሁለት ሰዓት የት ነበሩ?» አልኩት።

«አዳራሹ ውስጥ፣ ከተማሪዎቹ ጋር። አርባ ምስክር አለኝ።»

አርባዎቹ የመናገር ክልከላ ስለነበረባቸው ጥያቄዬን በወረቀት አደልኳቸው። ሁሉም ሲጀመርም ሲያበቃም ደወሉን አቤይኩን እንደደወለ ጻፉ። በመሃሉስ? አንድ የባንክ ባለሥልጣን «ትንፋሼን ነበር የምመለከተው» ብሎ ጻፈልኝ። አርባ ምስክር፣ ሰማንያ የተጨፈነ ዓይን! እንዲህ ያለ ማስረጃ በሃያ ዓመት ሥራዬ አልገጠመኝም።

«በመሃሉ ወጥቶ ተመልሷል» አልኩ ደጅ ስንወጣ። «ግን ምን ይዘናል? ከማንም አፍ አንድ ቃል የለንም። ረቡዕ ነጋ፤ ሁለት ሰዓት ቀረን።»

ኢንስፔክተሯ ከአንድ የማንጎ ዛፍ ሥር ቆመች። «እናቴ ለገዳም መጎናጸፊያ ትሰፋ ነበር» አለች። «በልጅነቴ ያስገረመኝን ልንገርህ። መነኩሴ አዲስ ልብስ ሲሰጠው ከመልበሱ በፊት ጥጉ ላይ በገዛ እጁ ትንሽ ነጥብ ያኖራል፤ በቀለም፣ ሲጠፋ በጭቃ። የጎመን ዘር የምታህል።»

«ለምን?»

«ውበቱ እንዲጎድል። በልብሱ እንዳይኮራ። እናቴ ትናደድ ነበር፤ ‹እኔ ሳምንት ሙሉ ሰፍቼ እሱ ያቆሽሸዋል!› እያለች።» ቀና ብላ አየችኝ። «ማር ሰባት ቀን ካለፈው የማይነካ ሰው ያለ ነጥብ ልብስ አይለብስም። ትናንት ጥጎቹን አየኋቸው ሳጅን። ነጥብ የለም።»

ገባኝ። አባ አቱላ ሲያስመልሱ ልብሳቸው ተበላሽቷል። ያ ሰው ወለሉን አጥቦ፣ ልብሱን ገፎ፣ ከገዳሙ የልብስ ማከማቻ አዲስ አምጥቶ አልብሶ፣ እንደ ፍጹም አስቀመጣቸው። የማከማቻው ቁልፍ አንድ ነው፤ ያለውም አቤይኩን ጋ ነው።

«የድሮውን ልብስ ማግኘት አለብን» አልኩ። ሰዎቼን ይዤ ተነሳሁ። የቆሻሻ ጉድጓዱን ገለበጥን፣ የወጥ ቤቱን አመድ በወንፊት ነፋን፣ የውኃ ጉድጓዱን ቀድተን አየን፣ ቢሮውን ፈትሸን መሳቢያ ሁሉ አወጣን፣ ምንጣፉን ገለጥን። ሦስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ላቤ ጠብ ይላል። አቤይኩን ወንበሩ ላይ ተቀምጦ በትዕግሥት ያየናል፤ በዚያ ትዕግሥቱ ልመታው ነበር።

ኢንስፔክተሯ በሩን ተደግፋ ቆማ ነበር።

«ሳጅን» አለች። «ወደ ታች አትፈልግ። ይህ ሰው በናጎላ መንደር ነው የተወለደው፤ የመነኩሴ ልብስ ከሰው ራስ በታች አያኖርም። ቀና በል።»

ቀና አልኩ። ከቁም ሳጥኑ አናት በላይ፣ ከማንኛችንም ራስ ከፍ ብሎ፣ ለቡድሃ ምስል የተሠራ ጠባብ መደርደሪያ አለ። ከምስሉ ጎን በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ተቀምጧል።

ወንበር ላይ ወጥቼ አወረድኩት። ታጥቦ፣ ደርቆ፣ በሥርዓት ታጥፏል። ያረጀ፣ የተጣፈ መጎናጸፊያ ነው። እጥበት ያላስለቀቀው ሐመር እድፍ ደረቱ ላይ ቀርቷል። ጥጉን ገለጥኩት። የጎመን ዘር የምታህል፣ ጥቁር ነጥብ።

ከውጭ የድምፅ ማጉያው ይሰማል፦ «ፍጹም ነበሩ!»

«አቶ አቤይኩን» አለች ኢንስፔክተሯ በዚያ ዝቅተኛ ድምፅዋ። «አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅዎት። ፍጹም ነበሩ?»

አቤይኩን በእጄ ወደያዝኩት መጎናጸፊያ ተመለከተ።

«እኛ አገር ሕፃንም ያውቀዋል። ፍጹም ሰውን የገደለ፣ የሲኦል ሁሉ ታች የሆነው ይጠብቀዋል፤ ምጽዋትም ጸሎትም አያወጣውም። ከትናንት ጀምሮ ለአገር ሁሉ ፍጹም ነበሩ እያሉ ነው። ነበሩ?»

«አልነበሩም!» ከወንበሩ ተነሳ፤ የበፍታ ልብሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተጨማደደ። «አልነበሩም! ሽማግሌ ነበሩ! ፈሪ ሽማግሌ! በሚቀጥለው ሙሉ ጨረቃ በስብከት ላይ ሊናገሩ ነበር። ሰባት ልጆች… የሰባቱን ስም ጽፈው፣ ‹እነዚህን የጎዳኋቸው እኔ ነኝ› ሊሉ። በሕዝብ ፊት! ለፍቼ ያቋቋምኩትን ሁሉ ሊያፈርሱ!»

«ተንበርክከው ነው ጭማቂውን የሰጧቸው?»

«ሌላ እንዴት ይሰጣል?» አለ ግራ ገብቶት። «ሦስት ጊዜ ሰግጄ ነው። ‹ደስ ይበልህ ልጄ› አሉኝ።»

«የሰባቱ ስም የት አለ?»

«አቃጠልኩት።»

«ልብሱን ለምን አላቃጠልከውም?» አልኩት፤ ከዚህ በኋላ ‹አንቱ› አልወጣኝም።

አየኝ፤ እንደ አረመኔ ነበር ያየኝ። «የመነኩሴ ልብስ እንዴት ይቃጠላል?» አለኝ።

*

አራት ሰዓት ከአሥር ላይ ጣቢያ ደረስን። ኡኩባንዳ አግዳሚው ላይ ተቀምጦ የወህኒውን መኪና ይጠብቃል። አለቃችን ሰዓቱን እያየ ቆሟል። ኢንስፔክተሯ ምንም ሳትለው አልፋ ሽማግሌው ፊት በርከክ አለች።

«አባባ፣ ይሂዱ። ልጅቷ ትጠብቅዎታለች።»

«እሳቸውን የገደለው ማን ነው?»

ነገረችው። ሰባቱ ስሞች እንደተቃጠሉም ነገረችው።

«አባ የቀሩትን ስድስቱን ቤታቸው ድረስ ሄደው ይጠይቋቸው ነበር» አለ ሽማግሌው። «በእግራቸው። የባጃጅ ሹፌር ቢለምናቸው እምቢ ብለው። ጂናዳሳን ይዛችሁ ሂዱ፤ ጃንጥላ ይዞ የሚከተላቸው እሱ ነበር። ቤቶቹን ሁሉ ያውቃቸዋል። ለሮቲው ንስሐ ይሁነው።»

በጂፑ እኔ ነኝ የመለስኩት። ቴጃኒ በረንዳው ላይ ሰፌዷን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ ዓይኗ ቀልቷል፤ ሌሊቱን እንዳልተኛች ያስታውቃል። ጂፑን ስታይ ሩዙን ጥላ ተነሳች።

«እይ እንግዲህ! ደፋሽው!» ብሎ ጮኸባት ሽማግሌው ገና ሳይወርድ። «ከመጀመሪያው ልቀሚ! ከዚያ ዘይት፣ ከዚያ እንቅልፍ!»

እያለቀሰች ሳቀች፤ ተንበርክካም መልቀም ጀመረች።

በአባ አቱላ ሥርዓት ብዙ ሰው ይስቅ ነበር፤ እኔም ጭምር። የማር ሰባት ቀን፣ በእጅ ካልተሰጠ አለመውሰድ፣ የልብስ ጥግ ላይ ነጥብ፤ ሰው በነዚህ ጥቃቅኖች ይድናል ወይ? እያልኩ። አባ አቱላ ከሞቱ በኋላ አንድ ሰው ከሞት አዳኑ፤ ያዳኑትም በነዚሁ ጥቃቅኖች ነው። በቁም ሳሉ አንድም ቀን ቸል ስላላሏቸው፣ ሲሞቱ ቆመው መሰከሩላቸው። ተአምር የሚፈልግ ሰው ካለ የእኔ ተአምር ይህ ነው።

ማምሻውን መጎናጸፊያውን ማስረጃ ክፍል አስገባሁ። ቁጥር ጽፌ ታችኛው መሳቢያ ውስጥ ከሌሎቹ ጋር ላኖረው ጎንበስ አልኩ። እጄ ቆመ።

ዘወር ብዬ አየሁ፤ ማንም የለም። ወንበር ጎትቼ ወጣሁና ከቁም ሳጥኑ አናት ላይ፣ ከሁላችንም ራስ በላይ አስቀመጥኩት።